ዛኪር ሳይናገረው የቀረ ማስታወቂያ

አለሚቱ ቦኖውን ልትከፍት ጎህ ሲቀድ ወደ ቀበሌው ግቢ ስትገባ፣ ዛኪርን የውሃው ቫልቭ ካለበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ ውሃው መምጣት አለመምጣቱን የሚያዳምጥ መሰላት።

"ደግሞ ዛሬ ምን ብለህ ልትሸነግለን ነው?" አለችው። ለቀልድ ነበር። ቀረብ ብላ የጭንቅላቱን ጀርባ ስታይ ግን ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እየወለቀ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሮጠች።

መርሳ ታች ሰፈር ውስጥ ዛኪርን የማያውቅ የለም፤ መልኩን ያላየ እንኳ ድምፁን ያውቃል። ቀበሌው ግቢ ካለው ረጅም ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት የሚለፈልፈው እሱ ነው። የሕፃናት ክትባት ነገ ነው፣ መታወቂያ ያላደሳችሁ አድሱ፣ ለማዳበሪያ የተመዘገባችሁ ኑና ውሰዱ፣ ቅዳሜ የቦይ ጠረጋ አለ፣ ውሃ ዛሬ ለላይ ሰፈር፣ ነገ ለታች ሰፈር። ያንኑ ደግሞ በቴሌግራም ይለጥፈዋል። ችግሩ ከበጋው ወዲህ "ነገ ለታች ሰፈር" ያለው ውሃ ሳይመጣ መቅረቱ ነው። ሰዉ ጄሪካኑን ደርድሮ ፀሐይ ሲጠብሰው ይውልና ባዶውን ተሸክሞ ይመለሳል። ስድቡ ታዲያ ለማን ይተርፋል? አፍ ላለው ነዋ። "ውሸታሙ ሬዲዮ" ብለው ስም አወጡለት። ልጁ እየሳቀ ያልፈው ነበር እንጂ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ሲበላው እንደከረመ የታወቀው ኋላ ነው።

ኢንስፔክተር የሻረግ ከሳጅን ዮሐንስ ጋር ደረሰች። እሷም የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። ሕመም እግራቸውን ካሳጣቸው እናቷ ጋር ከቀበሌው ጀርባ ትኖራለች፤ እነሱም ቤት ጄሪካኑ ባዶ ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ከኋላ ነው የተመታው፣ በከባድ ብረት። ብረቱ የለም። ስልኩም ቦርሳውም ኪሱ ውስጥ አሉ። ደሙ ደርቋል፤ ነገሩ የሆነው ትናንት ምሽት ነው ማለት ነው። የጉድጓዱ ክዳን ተነስቶ ወደ ጎን ተቀምጧል።

"ይኼን ቫልቭ በምንድን ነው የምታዞሩት?"

"በረጅሙ ብረት ቁልፍ" አለች አለሚቱ። "የኔው ጥበቃ ቤት ቆሞልሻል። ሌላው ውሃ ኮሚቴው ጋ ነበር፣ ከጠፋ ቆየ ብለውናል።"

የአለሚቱን ቁልፍ አዩት፤ አቧራ እንደለበሰ ነው።

"ማን እንደሞተ ለሰው ነግረሻል?"

"ለማንም። ረዲን መንገድ ላይ አገኘሁትና ሰው ሞቷል፣ ቅሬ ጥራ ብቻ አልኩት። እናቱ ዘይነባ ከመንገድ እንዳትሰማው ብዬ ስሙን አላነሳሁም።"

"ደግ አደረግሽ። እኔ እስክልሽ ድረስ ከዚህ አትነቃነቂ።"

ረዲ የቅሬው ለፋፊ ነው። የታች ሰፈር ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ እድር ነው፤ አንዱ ለሌላው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸከማል። ለፋፊው ሲጠራ ስም አይጠራም። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ብቻ ይላል። ሰው ሁሉ ቀበሌው በር ላይ ካለው ሾላ ስር ይሰበሰባል፣ የሟቹ ቤተሰብ በሽማግሌ ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማን እንደሆነ የሚነገረው። ያኔ ዕቃ ቤቱ ይከፈታል፤ ለክርስቲያኑ የሬሳ አልጋው፣ ለእስላሙ ቃሬዛው ይወጣል። ይኼ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው።

የሻረግ ከግቢው ስትወጣ ሾላው ስር ሰው ሞልቷል። ቀድሞ የደረሰው ወደ እሷ ግር አለ።

"ማነው? የሻረግ፣ ማነው የሞተው?"

አልመለሰችም። አጥሩ ላይ ቃሬዛው ተደግፎ ቆሟል፤ አረንጓዴው ጨርቅ በደንብ ታጥፎ ተደርቦበታል። አጠገቡ ጋሽ አብዱሰመድ፣ የቅሬው ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቆመዋል። አባቷ የሞቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ዶማ ይዘው የወረዱ፣ ጉድጓዱን በእጃቸው የቆፈሩ ሰው ናቸው።

"አብሽሪ ልጄ" አሏት ቀስ ብለው። "አላህ ያበርታሽ።"

ሽማግሌዎቹ ዘይነባን ካረዱ በኋላ ስሙ ወጣ። ስሙ እንደወጣ ደግሞ የገዳዩም ስም ተከተለ። ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ትናንት ከሰዓት ቦኖው ላይ ባጃጅ ነጂው ሙጃሂድ የዛኪርን አንገትጌ ይዞ፣ "አንድ ቀን እገድልሃለሁ፣ ውሸታም" ሲል ያልሰማ የለም። ሰማሁ ያለው ከነበረው ሰው ይበልጣል፤ እሱ የተለመደ ነው። ፖሊስ እስኪደርስ ሙጃሂድን ከባጃጁ ጎትተው አውጥተው ፊቱን አሳብጠውት ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ጉዳዩ በአንድ ጀምበር ሲያልቅለት ፊቱ በራ።

"ዝቷል፣ ሰው ሰምቷል፣ የት እንዳመሸ አይናገርም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ከቀብሩ በኋላ ወልድያ ይሸኛል። እስከዚያ ቃሉን ተቀበይ።"

"ብረቱ አልተገኘም።"

"ወንዝ ውስጥ ጥሎት ይሆናላ።"

"ወንዙ እኮ ደርቋል" አለች። አዛዡ አልሳቀም።

ሙጃሂድ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያበጠ ዓይኑን በእጁ ይዟል። ገና ልጅ እግር ነው፤ ባጃጁ የአጎቱ ናት፣ ሚስቱ ልትወልድ ግራና ከተማ እናቷ ዘንድ ገብታለች።

"የት አመሸህ?"

"ሥራ ላይ።"

"የት ሥራ ላይ?"

ሙጃሂድ ያበጠ ዓይኑን መልሶ በእጁ ሸፈነ።

"ሙጃሂድ፣ ከቀብሩ በኋላ ወልድያ ይወስዱሃል። ወልድያ ከገባህ መዝገቡ ከእጄ ወጣ። ማን መጥቶ ይሰማኛል ብለህ ነው ዝም የምትል?"

"ሐራ ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "ቤንዚን ፍለጋ። ማደያው አይሰጠንም፣ እዚያ በላስቲክ የሚሸጥ ሰው አለ። መሸብኝና እዚያው ባጃጅ ውስጥ አደርኩ።"

"ይኼን ለመናገር ነው ይኼን ያህል የተጨነቅከው?"

"ብናገርስ ሰውየው ያምናል እንዴ? እኔን ነፃ ለማውጣት ራሱን ሊያሳስር?" ዓይኑን ገለጠላት። "ወላሂ አልነካሁትም። መሳደቡን ተሳድቤያለሁ። ንዴት ነው። ባዶ ጄሪካን ተሸክማ የምትመለሰው እኮ የኔ እናት ናት።"

የሻረግ ሐራ ወረደች። የጣቢያው ፒካፕ ከጋሽ አብዱሰመድ ላቫጆ ገና መውጣቱ ነበር፤ ጎማው ሳይቀር ያብረቀርቃል፣ ውሃው ከበሩ ስር ይንጠባጠባል። ጋሽ አብዱሰመድ የፖሊስ መኪና በነፃ ነው የሚያሳጥቡት፤ አዛዡ "እንዲህ ያለ ሰው ቢበዛልን" ሳይል ውሎ አያውቅም። ቤንዚን ሻጩ ከባቡር ጣቢያው መንገድ ዳር አንዲት የላስቲክ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄዋን ሳትጨርስ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

"ቤንዚን? እኔ ሙዝ ነው የምሸጠው።"

ዳሱ ውስጥ አንድም ሙዝ የለም። ሽታው ግን ያፍናል።

"ባጃጅ ነጂ እዚህ አድሮ ነበር ወይ ነው የምልህ። ለሌላው ጉዳይህ አልመጣሁም።"

"ቁርአን ምታ ካልሽኝም እመታለሁ፤ ማንንም አላየሁ።"

ልጁ እውነቱን እንደተናገረ ያኔ ገባት፤ ሰውየው ገና ስሙን ሳትጠራለት ነው የካደው። ግን የሙዝ ነጋዴ ክህደት ለማን ይጠቅማል? መዝገብ ላይ ቢሰፍር ሙጃሂድን ይበልጥ የሚያሰጥመው ነው። እየተቃጠለች ተመለሰች።

ዘይነባ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። የሻረግ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ማነው ልጄን?" አሉ ዘይነባ። ድምፃቸው አልቋል። "ያ የባጃጁ ልጅ ነው ይላሉ። እኔ አላምንም። ያ ልጅ ቀን ሲሳደብ ውሎ፣ ማታ ደግሞ መጥቶ እራቱን ከዛኪር ጋር የሚበላ ነው።"

"ትናንት ዛኪር ምን ይል ነበር?"

"ደስ ብሎት ነው የገባ። 'እማ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አገኘሁት፣ ነገ በማጉያው ለሰፈሩ እናገራለሁ፣ ከእንግዲህ ውሸታም አልባልም' አለኝ። ማነው ስለው፣ 'ትልቅ ሰው ነው፣ ብትሰሚ አታምኚኝም' አለ።"

"ስሙን አልነገረዎትም?"

"እንዳይነግረኝ እኔው ከለከልኩት። ሐሜት ነው አልኩት።" ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "እንዲህ አልኩት፤ 'ልጄ፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይዋረድም። ሂድና መጀመሪያ ለብቻው ንገረው፣ ወደ ጎን ብለህ። ይመለስ ይሆናል።' እሺ ብሎኝ፣ እጄን ስሞ ወጣ።"

ሴትየዋ የነገሩት የማንኛዋም እናት ምክር ነው፤ የየሻረግም እናት ይሉት ነበር።

"አንቺም ልጄ" አሉ ዘይነባ፣ "ያ ሰው ማን እንደሆነ ከደረስሽበት፣ ልጅ ይኖረዋል፣ ሚስት ይኖረዋል፤ ለብቻው አድርገሽ ያዢው።"

ይኼን ሲሉ እንኳ ክፋት የለባቸውም። የሻረግን ያንገበገባት ይኸው ነው።

የእናቷን መድኃኒት ልታስውጣቸው ወደ ቤት ጎራ አለች። እናቷ በር ላይ ካለው መደብ ላይ ሆነው ከመንገዱ ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ እግራቸው ባይሄድም ሰፈሩ ውስጥ የሚያመልጣቸው የለም።

"ምስኪን ዘይነባ" አሉ። "ጠዋት ረዲ ሲጠራ የኔማ ልብ ቀጥ ብሎ ነበር። እቴ አማረች ታማ የለ፣ እሷ ናት ብዬ። ወዲያው ቃሬዛው በበራችን ሲያልፍ አየሁና፣ አይ፣ የእስላሞቹ ነው ብዬ ተረጋጋሁ። አፈር ልብላ፣ በሰው ሐዘን።"

የሻረግ ክኒኑን እንደያዘች ቆመች።

"መቼ ነው ያለፈው?"

"ረዲ ገና እየጠራ ነዋ። አብዱሰመድ ራሱ ነው ከልጁ ጋር ተሸክሞት ያለፈ። መቼም እንዲህ ያለ ፈጣን ሰው።"

እናቷ ውሃ እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘርግተዋል። የሻረግ አላየችም። ሾላው ስር ሰው ሁሉ "ማነው? ማነው?" እያለ ሲከባት ቃሬዛው ከኋላቸው ቆሞ ነበር። የሞተው ዛኪር ይሁን አማረች ረዲ አያውቅም። የሚያውቁት እሷና ሳጅኑ፣ አለሚቱና የገደለው ብቻ ናቸው። ቃሬዛውን ያወጣው ሰው ግን የሞተው እስላም መሆኑን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ሌላው እየተጎተተ መጣ። "ኮሚቴው ጋ ነበር፣ ጠፋ" የተባለው ቁልፍ፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማነው? ሰፈሩ የሚያምነውን ነገር ሁሉ ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው። ዕቃ ቤቱም ለጋሽ አብዱሰመድ፣ ውሃውም ለእሳቸው። ታች ሰፈር ጠብታ ሲያጣ ላቫጆው አንድ ቀን እንኳ ዘግቶ አያውቅም። እሷም ራሷ ታጥቦ በሚያብረቀርቅ መኪና ስትመላለስ አንድ ጊዜ እንኳ ውሃው ከየት መጣ አላለችም። በራሷ አፈረች። አባቷን የቀበሩ እጆች ናቸው ብላ ደግሞ አለቀሰች፤ እናቷ እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ሳጅን ዮሐንስን ጠራችው።

"የቅሬውን ሰብሳቢ አስፈቅደህ፣ ሰዉ ለጀናዛው ሲሰበሰብ ዕቃ ቤቱን ፈትሽ። ዶማና አካፋው ያለበትን፣ ከድንኳኑ ጀርባ።"

"ጋሽ አብዱሰመድን አስቀድመን አናናግራቸውም? ለብቻቸው?"

"አይሆንም።"

ጀናዛው ከሐኪም ቤት ተመልሶ፣ ታጥቦ ተከፍኖ ሾላው ስር ተቀመጠ። አሱር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ተሰግዶ አልቋል። አዛዡ ሙጃሂድን የሚልክበት መኪና ሞተሩ ተነስቶ ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ጋሽ አብዱሰመድ ከቃሬዛው ራስጌ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ጀመዓ፣ ይህ ልጅ በአንደበቱ ያስቀየማችሁ ካለ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት።"

"አውፍ ብለናል" አለ ሰፈሩ። ትናንት ውሸታም ሲለው የዋለው ሰፈር።

የሻረግ በሰዉ መሃል አልፋ ቃሬዛው አጠገብ ቆመች።

"ጋሽ አብዱሰመድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።"

"ጀናዛ ፊት፣ ልጄ? ነይ፣ ወደ ጎን እንሁንና ጠይቂኝ።"

"ዛኪር ወደ ጎን ብሎ ነው የጠየቀዎ። እኔ እዚሁ ነው የምጠይቅዎ።"

ሰዉ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ፣ "ኧረ ነውር ነው" አሉ።

"ዛሬ ጠዋት ቃሬዛውን ሲያወጡ ማን እንደሞተ ማን ነገረዎ?"

"ረዲ ነዋ፣ ማን ይነግረኛል።"

ረዲ ግራ ተጋብቶ ዞር ዞር አለ። "እኔ? እኔ መቼ አወቅሁና ጋሼ? እስላም መሆኑንም ያወቅሁት እርስዎ ቃሬዛ ይዘው ሲመጡ አይቼ ነው።"

"እንግዲያው አለሚቱ..."

"እኔ ኢንስፔክተሯ እስክትለኝ ከግቢው አልተነቃነቅሁም" አለች አለሚቱ ከሴቶቹ በኩል። ከዚያ የተናገረችው ለራሷም ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሳጅን ዮሐንስ በሰዉ መሃል መጣ። በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል፤ ገለጠው። ጠፋ የተባለው የቫልቭ ቁልፍ ነው። መታጠፊያው ላይ የደረቀ ደም አለ። ዛሬ መቃብሩ የተቆፈረበት ዶማ ከተቀመጠበት ጥግ ነው ያገኘው።

ጋሽ አብዱሰመድ ብረቱን አላዩትም። የሚያዩት ቃሬዛውን ነው።

"ቶሎ አፈር ይልበስልኝ ብዬ ነው" አሉ። "እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ረዲ ሲጠራ እግሬ ራሱ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደኝ።"

"ምን ብሎዎት ነበር?"

"ክፉ አልተናገረኝም። 'ጋሼ፣ ውሃውን ወደ ላቫጆው ማዞሩን እርስዎ ራስዎ ይተዉት፣ እኔም ስምዎን አልጠራም' አለኝ። ጎንበስ ብሎ ቫልቩን ሊያሳየኝ ጀርባውን ሰጠኝ። አመነኝ እኮ።" እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። "እኔ ግን የሰማሁት ነገ ጠዋት ስሜን የሚጠራውን ማጉያ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ስም፣ በአንድ ጠዋት።"

ሳጅኑ እጃቸውን ያዘ። ወደ የሻረግ ዞሩ።

"አፈር ላልብሰውና ውሰጂኝ። አባትሽን አልብሼዋለሁ።"

"አልብሰውታል" አለች። "ይኼን ግን አያለብሱትም።"

ከመሃል አንዱ፣ "ምናለ ቀብሩ እስኪያልቅ ብትታገስ" ሲል ሰማች። ሌላው፣ "ፖሊስ ዘመድ የለውም" አለው። በሬሳው ፊት ያፈሩት በእሷ ነው እንጂ በገዳዩ አይደለም።

ሙጃሂድ ሲፈታ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። የደበደቡት ሰዎች በአጠገቡ ሲያልፉ ዓይናቸውን ሰበሩ። ይቅርታ ያለው የለም።

"ሚስትህ ጋ ሂድ" አለችው የሻረግ። "ወሬው ግራና ሳይደርስ ድረስ።"

"አውፍ ሲሉት እኔ የለሁም" አለ። "ሰፈሩ ሁሉ ሲለው እኔ ብቻ ቀረሁ። የመጨረሻ ቃሌ ውሸታም እንዳልኩት ነው የቀረ።" ባጃጁን ለማስነሳት ደጋግሞ ሞከረ። ቤንዚኑን አንዱ ቀድቶ ወስዶታል። እየገፋት ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ የሻረግ ለሥራ ስትወጣ ከወትሮው የተለየ ድምፅ ሰማች። ቦኖው ይፈሳል። አለሚቱ ቫልቩን ለታች ሰፈር ከፍታው ወደ ለቅሶው ቤት ሄዳለች፤ ውሃው ከቧንቧው አልፎ ሲሚንቶውን ሞልቶ ቦይ ለቦይ ይወርዳል። አንድም ጄሪካን የለም፣ አንድም ሰው የለም። ምሰሶው ላይ ያለው ማጉያ ዝም ብሏል።

ዘይነባ ብቻ አንዲት ጄሪካን ይዘው ቆመዋል። በለቅሶ ቤት ውሃ ያስፈልጋል። ከትናንት ወዲህ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ዛኪር የማንን ምክር ሰምቶ፣ ማንን ለብቻው ሊያናግር እንደሄደ። የሻረግ ጄሪካኑን ከእጃቸው ወስዳ ቧንቧው ስር አደረገችላቸው።

"ሰዉ የት አለ?" አሉ ዘይነባ። "ውሃ መጥቶ እኮ ነው። አልሰሙም እንዴ?"

"የነገራቸው የለም፣ እማማ" አለች የሻረግ።